«ራን» የተባለው የእንግሊዝኛ ግስ፤ አመጣጡና የትርጉሙ ብዛት

እንግሊዝኛ የሚያስተምርም ሆነ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የሚተረጉም ባለሙያ በየዕለቱ ከሚያጋጥሙት ግሶች አንዱ «ራን» የተባለው ነው። ተማሪ በመጀመሪያው ዓመት «ሮጠ» ብሎ ያጠናዋል። ውሎ አድሮ ግን ወንዙም፣ ሞተሩም፣ ድርጅቱም፣ የምርጫ ዕጩውም፣ የውሉም ዘመን በዚሁ ግስ ሲነገሩ ያገኛቸዋል፤ ያን ጊዜ የተማረው አንድ ፍቺ እንደማይበቃው ይረዳል።

የታላቁ የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት ሁለተኛ እትም በ1989 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ከሁሉ የረዘመውን ስፍራ ይዞ የተገኘው «ሰት» የተባለው፣ «አኖረ፣ አስቀመጠ» የምንለው ግስ ነበር። በ2011 እ.ኤ.አ. ግን የመዝገበ ቃላቱ አዘጋጆች «ራን»ን እንደ አዲስ መርምረው በግስነቱ ብቻ 645 ትርጉሞች ቆጠሩለት። ይህን ቁጥር የሰማ ሰው ቋንቋው ሥርዓት የለውም ብሎ ሊፈርድ ይችላል። ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም፤ የትርጉሙ ብዛት ታሪክ አለው፤ ታሪኩም ለተርጓሚ መሪ ይሆነዋል።

በጥንታዊው እንግሊዝኛ ይህ ግስ አንድ አልነበረም፤ ሁለት ነበር። የመጀመሪያው «ሪናን» ይባል ነበር፤ ፊደላቱ ቦታ ተለዋውጠውም «ኢርናን» ተብሎ ይነገር ነበር። ትርጉሙ በራስ ኃይል መሮጥ፣ ደግሞም እንደ ውሃ መፍሰስ ነው። ሁለተኛው «ኤርናን» ሲሆን፣ ሌላውን ማስሮጥ፣ በተለይም ፈረስን መጋለብ ማለት ነበር። በ9ኛው መቶ ዓመት ከስካንዲናቪያ መጥተው በእንግሊዝ ምሥራቅና ሰሜን የሰፈሩት ሕዝቦችም የዚሁ ዘር የሆነውን «ሬና» የተባለ ግስ ይዘው መጡ። ከጊዜ በኋላ የቃላቱ መድረሻ ድምፆች ሲደክሙ ልዩነታቸው ጠፋና ሁሉም በአንድ ቃል ተጠቃለሉ።

ለአማርኛ ተናጋሪ ይህን መረዳት አይከብድም። እኛ «ሮጠ» ብለን «አሮጠ»፣ «ፈሰሰ» ብለን «አፈሰሰ» እንላለን፤ ራሱ የሚያደርገውንና ሌላውን የሚያስደርገውን በአንዲት «አ» እንለያለን። እንግሊዝኛ ግን በዚህ ግስ ይህን ምልክት አጥቶ ሁለቱንም ሥራ ለአንድ ቃል አሸከመው። ስለዚህ ሰው «ሲራን» ይሮጣል፤ ድርጅትን «ሲራን» ግን ድርጅቱ እንዲሄድ ያደርጋል፤ ይኸውም ይመራዋል፣ ያስተዳድረዋል ማለት ነው።

በዚህ ላይ የኢንዱስትሪ አብዮት ተጨመረ። ወፍጮው፣ የእንፋሎት ሞተሩ፣ በ1830 እ.ኤ.አ. በሊቨርፑልና በማንቸስተር መካከል መመላለስ የጀመረው ባቡር ሁሉ ስለ መሥራታቸው የሚነገርበት ቃል ሲፈለግ ይኸው አሮጌ ግስ ተገኘ። ዛሬም የኮምፒውተር ፕሮግራም ሥራውን ሲያከናውን «ራን» ይባላል። ልማዱ ከአገር አገር ይለያያል፤ ለምርጫ የቀረበ ሰው በአሜሪካ «ይሮጣል»፣ በብሪታንያ ግን «ይቆማል»። አማርኛ በሁለቱም ስፍራ «ይወዳደራል» ብሎ ይገላገላል።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን በወተት ላይ የሚታየው ነው። በጥንታዊው እንግሊዝኛ የዚህ ግስ ዘር የሆነው «የሪናን»፣ በዛሬው ጀርመንኛም «ገሪነን» የተባለው፣ «በአንድነት ፈሰሰ» ከሚለው ተነሥቶ «ረጋ» ወደሚል ትርጉም ደርሷል። አይብ ለመሥራት ወተትን የሚያረጋው «ሬኔት» የተባለው ነገርም ስሙን ከዚሁ ሥር እንዳገኘ ሊቃውንቱ ይገምታሉ። እንግዲህ እኛ ከ«ረጋ» «እርጎ»ን ስናወጣ፣ እነርሱ ከሩጫ ቃል የወተትን መርጋት አወጡ ማለት ነው።

ይህ ጨዋታ ብቻ አይምሰለን። እንግሊዝኛ በሕግ ጽሑፍ መብት የሚጠየቅበት ጊዜ ከዚህ ቀን ጀምሮ «ይሮጣል» ይላል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ይህን ጉዳይ የሚጠራበት ቃል ግን «ይርጋ» ነው፤ ቃሉም «ረጋ» ከሚለው ግስ የተገኘ ሲሆን፣ ነገሩ ይጽና፣ ከእንግዲህ አይናወጥ የሚል መንፈስ አለው። አንደኛው ቋንቋ የጊዜውን ጉዞ፣ ሁለተኛው የጉዞውን ፍጻሜ ተመለከተ። ታዲያ ግሱ ብቻውን «ይቆጠራል» ማለት ሲሆን፣ «አውት» የምትባል አንዲት ቃል ስትከተለው «አለቀ» ማለት ይሆናል። ተርጓሚ «ከዚህ ቀን ጀምሮ ይቆጠራል» የሚለውን «በዚህ ቀን ያልቃል» ብሎ ቢጽፍ፣ ገና ዓመታት የቀሩት ባለመብት መብቴ ጠፍቷል ብሎ እጁን አጣጥፎ ሊቀመጥ ይችላል።

ስለዚህ ይህ ግስ በፊታችን በቀረበ ቁጥር ሦስት ጥያቄ መጠየቅ ይገባናል፤ የሚንቀሳቀሰው ማን ነው? በራሱ ነው ወይስ ሌላ እያንቀሳቀሰው? እንቅስቃሴው ጀመረ፣ ቀጠለ ወይስ አበቃ? እነዚህ ከተመለሱ አማርኛ ቃል አያጣም፤ ፈሰሰ፣ ሠራ፣ መራ፣ ተወዳደረ፣ ጸና፣ ተቆጠረ፣ አለቀ፣ ሁሉም በየስፍራቸው ተዘጋጅተው ይጠብቁናል። 645ቱን ትርጉም በቃል ማጥናት ከማንም አይጠበቅም፤ ሥሩን ማወቅ ግን ከሙያ ባልደረቦቻችን ሁሉ ይጠበቃል።