የቤት መርማሪ፦ ምንነቱና አመራረጡ

«የቤት መርማሪ» በአሜሪካ መኖሪያ ቤት ለመግዛት በተዋዋለ ሰው ተቀጥሮ፣ ባለቤትነቱ ከመተላለፉ በፊት የቤቱን አካላዊ ይዞታ ከመሠረቱ እስከ ጣሪያው የሚመለከት፣ ያገኘውንም ጉድለት በጽሑፍና በፎቶግራፍ አስደግፎ ለቀጠረው ገዢ የሚያስረክብ ባለሙያ መጠሪያ ሆኖ እዚህ ቀርቧል። በዋሽንግተንና በዙሪያዋ ባሉት የሜሪላንድና የቨርጂኒያ ከተሞች የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ባለሙያውን «ኢንስፔክተር»፣ ሥራውን «ኢንስፔክሽን» ይሉታል፤ ቃሉ በንግግር የተለመደ ቢሆንም በአገር ቤት የፖሊስ ማዕረግን ያስታውሳል። «ተቆጣጣሪ» ገና በመሠራት ላይ ያለን ሕንፃ የሚከታተለውን መሐንዲስ፣ «ፈታሽ» ደግሞ በር ላይ ሰውና ዕቃ የሚፈትሸውን ሠራተኛ ያመለክታል። «ምርመራ» ግን ሐኪም የበሽተኛን ሰውነት ሳይቀድ፣ ከሚታየው ምልክት ተነሥቶ ስለማይታየው የሚናገርበት ሥራ ስያሜ በመሆኑ የዚህን ሙያ ጠባይ በቅርብ ይገልጻል።

ሙያው ራሱን ችሎ ከቆመ ብዙ ዘመን አላስቆጠረም። በአሜሪካ ለረጅም ጊዜ ይሠራበት የነበረው የሕግ መርሕ ገዢው የሚገዛውን ራሱ ዓይቶ እንዲጠነቀቅ የሚጠይቅ፣ ከግዢ በኋላ ለተገኘ ጉድለትም በአብዛኛው እሱኑ ባለዕዳ የሚያደርግ ነበር። የአሜሪካ የቤት መርማሪዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1976 ተመሠረተ፤ ፍርድ ቤቶችም ይህን መርሕ እያላሉት ሄዱ። እ.ኤ.አ. በ1984 አንድ የካሊፎርኒያ ይግባኝ ሰሚ ችሎት፣ በደንብ ባልተጠቀጠቀ ሙሌት አፈር ላይ ተሠርቶ በመሬት መንሸራተት የተጎዳን ቤት በሚመለከት ክርክር፣ የሽያጭ ወኪል የሚያውቀውን መናገር ብቻ ሳይሆን በተገቢው ጥንቃቄ ቢመለከት ሊያገኘው ይችል የነበረውንም ለገዢው የማሳወቅ ግዴታ እንዳለበት ወሰነ። በቀጣዩ ዓመት የፍሎሪዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጣሪያው በሚያፈስ ቤት ጉዳይ፣ ሻጭ የቤቱን ዋጋ በእጅጉ የሚነካና ለገዢው በቀላሉ የማይታይ ጉድለት እያወቀ ዝም ማለት እንደማይችል ፈረደ። ከእነዚህ ውሳኔዎች በኋላ ወኪሎች ተጠያቂነቱን ብቻቸውን ላለመሸከም ሲሉ ገዢዎችን ወደ መርማሪ መምራትን ልማድ አደረጉ። ሙያው የተስፋፋው ለገዢው ጥቅም ብቻ ሳይሆን ለወኪሉም መከለያ ሆኖ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል፤ የታማኝነት ጥያቄም የሚነሣው ከዚሁ ነው።

በቤት ሽያጭ ውስጥ ከሚሳተፉት ወገኖች አብዛኞቹ፣ የሻጩና የገዢው ወኪሎች፣ አበዳሪው ባንክና የባለቤትነት ማስተላለፉን የሚያስፈጽመው ድርጅት፣ ዋናውን ገቢያቸውን የሚያገኙት ሽያጩ ሲጠናቀቅ ነው። መርማሪው ግን ቤቱ ተገዛም አልተገዛ ክፍያው ያው ነው፤ የቃሉም ክብደት ከዚህ ይመነጫል። ነገር ግን ሥራ የሚያገኘው በአንድ ወኪል ጥቆማ ብቻ ከሆነ፣ ዛሬ ብዙ ጉድለት ጽፎ ሽያጩ ቢፈርስ ነገ ስልኩ ላይደወል ይችላልና፣ ነጻነቱ በወረቀት ላይ ብቻ ይቀራል። የማኅበሩ የሥነ ምግባር ደንብ መርማሪዎች ለጥቆማ ክፍያ እንዳይሰጡ የሚከለክለው፣ በማሳቹሴትስም የሻጭ ወኪል አንድን መርማሪ በስም ለይቶ እንዳይጠቁም የተደረገው ለዚህ ነው። በኢትዮጵያውያን መካከል ችግሩ ሌላ መልክ ይጨምራል፤ ወኪሉ ብዙ ጊዜ የቤተ ክርስቲያን ወይም የመስጊድ ወዳጅ፣ አለዚያም የዘመድ ዘመድ በመሆኑ ገዢው «እኔ ራሴ ልፈልግ» ለማለት ይሉኝታ ይይዘዋል። ወኪሉ በእርግጥ ታማኝ ሊሆን ይችላል፤ የጠቆመውም ሰው ጎበዝ ሊሆን ይችላል። ይሁንና መርማሪውን ገዢው በራሱ ፍለጋ መምረጡ ማንንም መጠርጠር ስላልሆነ ሊያሳፍር የሚገባ ነገር አይደለም።

በአገር ቤት ቤት ሲገዛ ትኩረቱ በካርታው ትክክለኛነት፣ በዕዳና በእገዳ ላይ ስለሆነ፣ ይህን ልማድ ይዞ የመጣ ገዢ ሰነዱ ከጠራና ባንኩ ብድሩን ከፈቀደ ቤቱ ተመርምሯል ብሎ ሊያምን ይችላል። ባንኩ የሚልከው የዋጋ ገማች ግን ቤቱ ለብድሩ በቂ መያዣ መሆኑን የሚያይ እንጂ የውሃ ቧንቧውንና ማሞቂያውን የሚመረምር ሰው አይደለም፤ የፌዴራል የቤቶች አስተዳደር ዋስትና ለሚሰጣቸው ብድሮች የሚታደለው ማሳሰቢያም ይህንኑ ልዩነት ለይቶ ገዢው የራሱን መርማሪ እንዲቀጥር ይመክራል።

ፈቃድን በሚመለከት ሕጉ እንደየክፍለ ግዛቱ ይለያያል። በቨርጂኒያ ከጁላይ 1 ቀን 2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ፈቃድ መሥራት የተከለከለ ሲሆን፣ አዲስ የተሠራን ቤት ለመመርመር በፈቃዱ ላይ ተጨማሪ ማረጋገጫ ያስፈልጋል። በሜሪላንድ የ72 ሰዓት ሥልጠና መውሰድና ብሔራዊውን የቤት መርማሪዎች ፈተና ማለፍ ግዴታ ነው። በካሊፎርኒያ ግን የክፍለ ግዛት ፈቃድ የለም፤ ሕጉ የሚያደርገው የመርማሪውን ምግባር መገደብ ነው፤ ለምሳሌ የመረመረውን ቤት በ12 ወራት ውስጥ ራሱ በክፍያ መጠገንን እንደ ሕገወጥ የንግድ አሠራር ይቆጥረዋል። ክልከላው ባልተጻፈበት ቦታም ቢሆን «ይህን ጉድለት እኔው በርካሽ እጠግነዋለሁ» የሚል መርማሪ፣ ጉድለቱን በማጋነን የሚያተርፍ ሰው በመሆኑ ሊታለፍ ይገባዋል። ፈቃድ ባለበት ክፍለ ግዛት የፈቃዱን ቁጥር ተቀብሎ ከመንግሥት መዝገብ ማመሳከር ጥቂት ደቂቃ የሚወስድ ሥራ ነው።

ፈቃድ ግን የችሎታ መነሻ እንጂ መለኪያ አይደለም። መርማሪን ከመርማሪ የሚለየው የሚጽፈው ዘገባ ስለሆነ፣ ከመቅጠር በፊት የቀደመ ደንበኛ ስም የተሰረዘበት የዘገባ ናሙና መጠየቅ ከሁሉ ይበልጣል። ደካማ ዘገባ «የኤሌክትሪክ ሳጥኑ በባለሙያ ቢታይ ይመረጣል» ብሎ ያልፋል። ጠንካራ ዘገባ የሳጥኑ ሽፋን ተፈቶ የተነሣውን ፎቶ አስቀምጦ፣ ለአንድ ሽቦ ብቻ በተሠራ ብሬከር ብሎን ሥር ሁለት ሽቦዎች መታሰራቸውን፣ በዚህም ምክንያት አንደኛው ሊላላና ሊግል እንደሚችል፣ በኤሌክትሪክ ሠራተኛ በቶሎ መታረም እንዳለበት ይጽፋል። በምድር ቤቱ ግድግዳ ላይ ነጭ የጨው ዱቄት መሰል ነገር ሲያይም «እርጥበት አለ» ብሎ አያቆምም፤ ወደ ውጭ ወጥቶ አሸንዳው ውሃውን ከግድግዳው ሥር ማፍሰሱን፣ አፈሩም ወደ ቤቱ ማዘንበሉን ዓይቶ መንስኤውን ከምልክቱ ጋር ያገናኛል። የአሸንዳ መውረጃን ማስረዘምና የመሠረት ጥገና በዋጋ የሰማይና የምድር ያህል ስለሚራራቁ፣ ገዢው ከሻጩ ጋር የሚደራደርበት ሚዛን የሚወሰነው በዚህ ዓይነቱ ማገናኘት ነው።

በምርመራው ዕለት ገዢው እንዲገኝ የማይፈልግ መርማሪ አይመረጥም፤ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 4 ሰዓት በሚፈጀው ሥራ ላይ አብሮ መዞር ዋናው የውሃ መዝጊያ የት እንዳለ፣ የትኛው ጉድለት አስቸኳይ፣ የትኛውስ ተራ እርጅና እንደሆነ ለመጠየቅ ያስችላል። እንግሊዝኛው የማይበረታ ገዢ ከወኪሉ ሌላ የሚያስተረጉምለት ሰው ይዞ ቢሄድ ይሻላል።

የምርመራው ወሰንም ከውሉ ላይ ሊነበብ ይገባል። በሙያው ደረጃዎች መሠረት ምርመራው በዓይን በሚታየውና ሊደረስበት በሚችለው ላይ የተወሰነ ስለሆነ፣ መርማሪው ግድግዳ አይበሳም፣ የሻጩን ከባድ ዕቃም አያነሣም። ምስጥ፣ ከመሬት በታች ያለው የፍሳሽ መስመርና ሬዶን የተባለው ከአፈር የሚወጣ ጨረራማ ጋዝ ብዙ ጊዜ ተጨማሪ ክፍያና የተለየ ምርመራ ይጠይቃሉ፤ የሬዶን መጠን በሊትር 4 ፒኮኪዩሪ ከደረሰ የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት ቤቱ እንዲታረም ይመክራል። ከ1978 እ.ኤ.አ. በፊት የተሠራ ቤት ላይ ደግሞ ገዢው፣ መብቱን ራሱ ካልተወው በቀር፣ የእርሳስ ቀለም ለማስመርመር 10 ቀን የማግኘት መብት በፌዴራል ሕግ አለው። ብዙ ውሎች መርማሪው ለሚሳሳተው የሚከፍለውን ካሣ በተቀበለው ጥቂት መቶ ዶላር ላይ ይገድባሉ፤ ይህን አንቀጽ ማንበብና የሙያ ኃላፊነት መድን መኖሩን በሰነድ ማረጋገጥ የሚጠቅመው ከመፈረም በፊት ነው።

በውል ውስጥ ለምርመራ የሚሰጠው ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 ቀን ስለማይበልጥ፣ ቤት ከተገኘ በኋላ መርማሪ መፈለግ የጀመረ ገዢ የማጣራት ፋታ አያገኝም፤ መጨረሻ ላይም በወኪሉ ጥቆማ ይወድቃል። ገበያው በሚሞቅበት ጊዜ ደግሞ፣ ከ2020 እ.ኤ.አ. በኋላ በነበሩት ዓመታት እንደታየው፣ ተወዳዳሪዎች ሻጩን ለማስደሰት ምርመራውን ጨርሶ ይተዉታል። ማሳቹሴትስ ከኦክቶበር 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሻጮች የገዢን ዋጋ የሚቀበሉት ምርመራውን ከተወ ብቻ ነው እንዳይሉ ደንግጋለች። እንዲህ ያለ ድንጋጌ በሌለበት ቦታ መርማሪውን ቤት ፍለጋው ሲጀመር አነጋግሮ ያዘጋጀ ገዢ፣ ሻጩ ከፈቀደ ዋጋ ከማቅረቡ አስቀድሞ ቤቱን ሊያስመረምር፣ ወይም ምርመራውን ሳይተው ጊዜውን ወደ 3 ወይም 4 ቀን በማሳጠር ከሌሎች ጋር ሊወዳደር ይችላል።