ጀርቦዕ፣ እንሽላሊትና የካርቱም ላብራቶሪ

ማይክሮስኮፕ ሥር የጨረቃ ቁራጭ የመሰለ ነገር ሲመጣብኝ መጀመሪያ የምፈልገው ቡናማዋን ቅንጣት ነው። ቅንጣቷ ካለች ክፉው ወባ ነው። ጎንደር ተምሬ ካርቱም ክሊኒክ ውስጥ ስሠራ፣ ከገዳሪፍ እርሻ በትኩሳት የሚመጡትን የአገሬን ልጆች ደም ያነበብኩት በዚህ ዓይን ነው። በእንስሳት ደም ውስጥ ግን ያንኑ ቅርጽ ይዞ ቅንጣቷ የሌለችው ሌላ ተውሳክ አለ። የዚህ ተውሳክ ታሪክ አንድ ትልቅ ምዕራፍ የተጻፈው እዚያው ካርቱም ውስጥ ነው።

የጎርደን መታሰቢያ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1902 ሲከፈት፣ የመድኃኒት ነጋዴው ሄንሪ ዌልካም ባዋጣው ላብራቶሪ ላይ አንድሪው ባልፎር የተባለ ስኮትላንዳዊ ሐኪም ተሾመ፤ እስከ 1913 መራው። ዋና ጉዳዩ የከተማው ትንኝ ነበር። ሰዎቹ ጉድጓድ ውኃ ላይ ዘይት ያፈሱ፣ ወደብ ላይ የቆሙትን የእንፋሎት መርከቦች ሳይቀር ይፈትሹ ነበር። ከዚህ ሁሉ ሥራ መሐል የአይጥ ደም ለማየት ጊዜ ማግኘቱ እስከ ዛሬ ያስደንቀኛል።

በ1905 ባልፎር ሁለት ተውሳኮች አገኘ። አንዱ በከተማው አይጥ ነጭ የደም ሴል ውስጥ፣ ሌላው ጀርቦዕ በሚባለው፣ በረጃጅም የኋላ እግሮቹ በሚዘለው የበረሃ አይጥ ቀይ የደም ሴል ውስጥ። የወባን ተውሳክ በ1880 ያገኘው ፈረንሳዊው ላቬራን ለሁለተኛው የባልፎርን ስም ሰጠው። ዛሬ ሁለቱም ሄፓቶዞን ከሚባለው ወገን ይመደባሉ።

ጀርቦዕ እንዴት እንደሚያዝ የነገሩኝ በልጅነታቸው ያድኑት የነበሩ ሱዳናዊ ባልደረባዬ ናቸው፤ ዐሚ (አጎቴ) እላቸው ነበር። ቀን ላይ የጉድጓዱ አፍ በእርጥብ አፈር ከተደፈነ ባለቤቱ ቤቱ አለ ማለት ነው። መጀመሪያ ግን የሚያመልጥበትን ሌላ መውጫ መፈለግ ይገባል፤ እሱን ሳይደፍኑ የቆፈረ ባዶ እጁን ይመለሳል።

ተውሳኩንም የሚያኖረው ይኸው ጉድጓድ ነው። ፈርማን የተባለ ተመራማሪ በ1966 እንዳሳየው፣ የጀርቦዑን ተውሳክ የሚያስተላልፉት በጣም ጥቃቅን መዥገር መሰል ፍጥረታት ናቸው። ደሙን ይጠጣሉ፤ ተውሳኩ ሆዳቸው ውስጥ ያድጋል፤ ከዚያ ጀርቦዑ እነሱን ሲውጥ ይያዛል። ወባ በንክሻ ሲገባ ይህ በአፍ ይገባል። በዝግ ቤት ውስጥ ለሚኖር ፍጥረት ደግሞ ከዚህ የቀለለ መንገድ የለም።

የእንሽላሊቶቹ ተራ የመጣው በ1907 ነው። ዌልካም በገንዘቡ ተንሳፋፊ ላብራቶሪ አሠራ፤ በመርከብ እየተጎተተ ነጭ ዓባይን ሽቅብ ወጣ። ተሳፋሪው ተመራማሪ ቻርልስ ሞርሊ ዌንዮን ካገኘው እንስሳ ሁሉ ደም ይወስድ ነበር። የእንሽላሊትና የእባብ ቀይ ሴል ሞላላ ነው፤ ከእኛ በተለየ መሐሉ ላይ ኒውክሊየስ አለ። ይህ ዓይነቱ ተውሳክ ሲገባ ኒውክሊየሱን ገፍቶ ጥግ ያስይዘዋል፤ የዌንዮን ሥዕሎች ላይ ይህ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ዌንዮን የእንሽላሊት ወባም ለይቷል፦ አንዱን አጋማ ከሚባለው፣ ሌላውን ጀርባው ላይ አምስት መስመር ካለው፣ ጉድጓድና ስንጥቅ ውስጥ ከሚሸሸገው። በ1926 ያሳተመው ባለ ሁለት ቅጽ መጽሐፍ ለሙያው መሠረት ሆነ።

እኔን የሚቆረቁረኝ አንድ ነገር ነው። ተውሳኩ የባልፎርን ስም ይዟል፤ ጀርቦዑን ከጉድጓድ ያወጣው ሰው ስም ግን በተውሳኩ ስም ውስጥ የለም። ያ ሰው መውጫውን ባይደፍን ኖሮ ባልፎር የሚያየው ስላይድ አይኖርም ነበር።

የሱዳን ጦርነት በሚያዝያ 2023 ሲጀመር በካርቱም ዩኒቨርሲቲ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም የነበሩት እባቦችና እንሽላሊቶች ምግብና ውኃ ተቋርጦባቸው አለቁ። ከተማው ሲረጋጋ የሱዳንና የእኛ ተማሪዎች አብረው ዳግም የእንሽላሊት ደም ቢያነቡ፣ ስላይዱ ጠርዝ ላይም ከቀኑና ከቦታው ጎን የቆፋሪውን ስም ቢጽፉ እፈልጋለሁ።