የታሪክ ትምህርትና የዘመኑ ሰነዶች

ስለ ውጫሌ ውል የተማረ ማንኛውም ተማሪ ቢጠየቅ፥ «ኢጣልያ በአንቀጽ 17 አታለለችን» ብሎ ሳይደናቀፍ ይመልሳል። መልሱ ስሕተት ነው ለማለት አይቻልም። ነገር ግን «ይህን በምን ዐወቅህ?» ቢባል፥ መምህሩ እንደ ነገረው ከመግለጽ በቀር የሚያቀርበው ማስረጃ የለውም፤ ውሉን ራሱን አላየውምና። የዘመናዊው ታሪክ ትምህርት በዘመኑ በተጻፉ ሰነዶች ቢደገፍ የሚገኘውን ጥቅም ለማስረዳት ከዚህ ውል የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

መምህሩ የአንቀጽ 17ን አማርኛና የኢጣልያንኛውን ትርጕም ጐን ለጐን በሰሌዳው ላይ ይጻፍ፤ ማብራሪያ ግን አይጨምር። ተማሮቹ ጥቂት ጊዜ ከተሰጣቸው ልዩነቱ በአንድ ግሥ ላይ መሆኑን ራሳቸው ያገኙታል። አማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከኤውሮፓ ነገሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት አማካይነት መላላክ «ይቻላቸዋል» ሲል፥ ኢጣልያንኛው ግን በዚያው መንግሥት በኩል ለመላላክ ተስማምተዋል ይላል። ቀጥሎ አንቀጽ 19 ይነበብ። ሁለቱ ጽሑፎች እኩል ዋጋ እንዳላቸው የተደነገገው በዚያ ነው። እንግዲህ ቃላቸው ካልተስማማ የትኛው ይጸናል? መምህሩ ለመመለስ አይቸኩል፤ ክፍሉ ይከራከርበት።

ክርክሩ በግምት እንዳይቀር ደብዳቤዎቹ ይቅረቡ። ክሪስፒ በጥቅምት 1882 ዓ.ም. አንቀጹን ለኤውሮፓ መንግሥታት አስታወቀ። አፄ ምኒልክ ግን በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር ለንግሥት ቪክቶሪያ በቀጥታ ጻፉ፤ ንግሥቲቱም ጉዳዩን ለኢጣልያ መንግሥት እንደምታስተላልፍ በየካቲት መለሰች። በመስከረም 1883 ዓ.ም. ለንጉሥ ኡምቤርቶ ተቃውሞ ተላከ። ተማሪው እነዚህን ቀኖች በተራ ሲያሰልፍ፥ በሌላ በኩል ለመላላክ ግዴታ ገብቻለሁ ብሎ የሚያስብ ንጉሥ በቀጥታ ይጽፍ እንደ ሆነ ራሱን ይጠይቃል። አንዱ ተነሥቶ «ዐውቀው ትተውት ቢሆንስ?» ቢል መምህሩ ሊቈጣው አይገባም፤ የታሪክ ጥያቄ ማለት ይኸው ነው። ስዊድናዊው የታሪክ ሊቅ ስቬን ሩበንሰን እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1964 ስለዚሁ አንቀጽ ባሳተሙት ጥናት የሠሩት ሥራም ሁለቱን ጽሑፎችና ደብዳቤዎቹን አንድ በአንድ መመርመር ነበር።

ከሁሉ የሚከብደው ግን አንቀጽ 3 ነው። ብዙ መምህራን ያልፉታል። ስለ ወሰን ሲናገር ሐላይን፥ ሰገነይቲንና አሥመራን በኢጣልያ በኩል ያደርጋቸዋል። ይህን ከተማሪው መሰወር የአድዋን ክብር መጠበቅ የሚመስላቸው አሉ፤ ለእኔ ግን አይመስለኝም። ልጁ ነገ ውሉን ከሌላ ሰው እጅ ያገኘው እንደ ሆነ፥ በአንቀጽ 17 የተማረውን እውነት ጭምር መጠራጠር ይጀምራልና። ይልቅስ አፄ ዮሐንስ በመተማ የወደቁት በመጋቢት 1881 ዓ.ም.፥ ውሉ የተፈረመው ደግሞ በዚያው ዓመት ሚያዝያ 25 ቀን መሆኑን ያስተውል። በመካከሉ ሁለት ወር እንኳ አልሞላም። አዲሱ ንጉሠ ነገሥት ትግራይን ገና በእጃቸው ሳያስገቡ ምን እንዳስፈለጋቸው፥ ኢጣልያስ ለምን እንደ ቸኰለች ክፍሉ ከዚህ ተነሥቶ ሊያመዛዝን ይችላል።

ሰነድ ሁሉ እውነት ነው ማለት ግን አይደለም። ማን ጻፈው፥ ለማን፥ ምን ፈልጎ የሚለው ጥያቄ የክሪስፒን ማስታወቂያ ብቻ ሳይሆን የንጉሠ ነገሥታችንንም ደብዳቤ ይመለከታል።

ለመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ከአድዋ ድል በኋላ በጥቅምት 1889 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተፈረመው ውል ይቀመጥ። የውጫሌን ውል ይሽራል፤ የኢትዮጵያንም ፍጹም ነጻነት ያረጋግጣል። ወሰኑን ግን እስኪቈረጥ ድረስ በመረብ፥ በበለሳና በሙና እንዲቈይ ይተወዋል። ተማሪው ሁለቱን ውሎች በጠረጴዛው ላይ አስተያይቶ የትኛው ጥያቄ እንደ ተዘጋ፥ የትኛውም ክፍት እንደ ቀረ በገዛ እጁ ይጻፍ።