ሁለት ገበታ

ከባንኩ መስኮት ኋላ ተቀምጬ የደንበኞችን ፊርማ ስመለከት ታሪክ የማነብ ይመስለኛል። አንዲት የቡሬ ገጠር እናት እንደ እኩዮቻቸው አውራ ጣታቸውን አያትሙም፤ ስማቸውን ፊደል በፊደል ይጽፋሉ። «የመሠረተ ትምህርት ነው» ይላሉ፣ በኩራት። ያ ዘመቻ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ተጀምሮ አገራችንን ለዩኔስኮ ሽልማት አብቅቷል።

ከዚያ በፊትም የጎጃም ቤት ትምህርት አላጣም። ሕፃኑ የተስፋ ገብረ ሥላሴን ፊደል ገበታ ይዞ በስንደዶ እየጠቆመ ይቆጥር ነበር። ቅኔ ፍለጋ ወደ ዋሸራና ወደ ጎንጅ የሚጓዘው የቆሎ ተማሪ ደግሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል ቁራሽ የምትሰጠው የመንደር እናት ነበረች። ፊደል ገበታ በእንጀራ ገበታ ተደግፎ ኖረ።

በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በክልላችን ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል። እኒያ እናት የልጅ ልጃቸውን እቤት ማስተማር ያዙ። በቀደም ገንዘባቸውን ተቀብለው ሳይሄዱ ቆሙ።

«ልጄ፣ ፊደሉን ጨርሷል። ክፍልፋይ የሚሉትን ግን እኔ አላውቀውም። መጽሐፍ አታገኝልኝም?»

ቤት ብቻውን አስተምሮ አያውቅም፤ ቁራሽ የሚሰጥ መንደር ነበረው። የዛሬው ቁራሽ አንድ የሒሳብ መጽሐፍ ነው። እኔም ያን ቀን ማታ የድሮ ሣጥኔን ከፈትሁ።