ሁለት ጆሮና አንድ መዘውር

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1881 ዓ.ም. በፓሪስ ከተማ በተካሄደው ዓለም አቀፍ የኤሌክትሪክ ኤግዚቢሽን ላይ፣ ጎብኚዎች ተራ በተራ እየገቡ በሁለቱ ጆሮዎቻቸው ሁለት የቴሌፎን ማዳመጫ ይይዙ ነበር። ፈረንሳዊው መሐንዲስ ክሌማን አዴር በኦፔራ ቤቱ መድረክ ፊት የደረደራቸው ማይክሮፎኖች የዘፋኞቹን ድምፅ በሽቦ ያደርሱላቸዋል። አድማጮቹን እጅግ ያስደነቃቸው፣ ዘፋኙ ከመድረኩ ቀኝ ወደ ግራ ሲራመድ አካሄዱን በጆሮ ለመከተል መቻላቸው ነበር።

የሰው ልጅ ድምፅ ከየት አቅጣጫ እንደመጣ የሚለየው በሁለቱ ጆሮዎቹ መካከል ያለውን የጊዜና የጉልበት ልዩነት በማመዛዘን ነው። የጉልበቱ ልዩነት አንድ ዴሲቤል ያህል ብቻ ቢሆን እንኳ ንቁ ጆሮ ያውቀዋል። እንግሊዛዊው መሐንዲስ አላን ብሉምላይን በ1931 ዓ.ም. ለስቴሪዮ ቀረጻ መሠረት የሆነውን የፈጠራ መብት ማመልከቻ ሲያቀርብ የተመረኮዘው በዚሁ የተፈጥሮ ሕግ ላይ ነበር። በ1958 ዓ.ም. ደግሞ አሜሪካዊው ጆን ኮስ በሚልዋኪ ከተማ የስቴሪዮ የጆሮ ማዳመጫ ለሙዚቃ አፍቃሪው አቀረበ።

ይሁን እንጂ ቀኙንና ግራውን እኩል አድርጎ የመጠበቅ አደራ የወደቀው በአንዲት ትንሽ መዘውር ላይ ነው። የመዘውሯ የዘር ሐረግ ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ዮሐን ክርስቲያን ፖጌንዶርፍ በ1841 ዓ.ም. ለኤሌክትሪክ መለኪያነት ከሠራው ፖቴንሲዮሜትር ይመዘዛል። ለስቴሪዮ በተሠራችው መዘውር ውስጥ ሁለት የካርቦን ንጣፎች በአንድ ዘንግ ላይ ተጣምረው ይገኛሉ፤ ዘንጉ ሲዞር በየንጣፉ ላይ አንዳንድ የብረት ምላስ ይንሸራተታል። ችግሩ ሁለቱ ንጣፎች ፍጹም መንታ ሆነው አለመሠራታቸው ነው።

ለምሳሌ ያህል፣ በጠቅላላው 10,000 ኦም በሆኑ ሁለት ንጣፎች መካከል የ30 ኦም ልዩነት አለ እንበል። ምላሱ 5,000 ኦም ላይ ሲደርስ ልዩነቱ ከ0.1 ዴሲቤል በታች ስለሆነ ማንም አይሰማውም። መዘውሩ ወደ ዝቅተኛው ድምፅ ተመልሶ አንዱ 100፣ ሌላው 130 ኦም ሲሆን ግን ያው 30 ኦም ከ2 ዴሲቤል በላይ ይሆናል። መካከል ላይ ቆሞ የነበረው ዘፋኝ ወደ አንድ ጆሮ ያጋድላል።

በዛሬው ዘመን ማይክሮፎንንና የጆሮ ማዳመጫን ከኮምፒዩተር ጋር የሚያገናኘው ኦዲዮ ኢንተርፌስ በብዙ ቤቶች ስቱዲዮውን ተክቷል። በብዙዎቹ ላይ ያለችውም መዘውር ይህችው ናት። ሌሊት ጎረቤት እንዳይረበሽ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚሠራ ሙዚቀኛ የድምፁን ማጋደል ሰምቶ በቅንብሩ ውስጥ ሊያቃና ቢነሣ፣ በሥራው ያልነበረውን ጉድለት በገዛ እጁ ይጨምርበታል። ሌላው ደግሞ ጤነኛ ጆሮውን ይጠራጠራል።

ስለዚህ ፍርድ ከመስጠት በፊት መመርመር ይገባል። በሁለቱም በኩል አንድ ዓይነት የሆነ ድምፅ በዝግታ ከፍቶ ማዳመጫውን ቀኙን ወደ ግራ ማዞር ነው። ማጋደሉ በዚያው ጆሮ ከቀረ ነገሩ ከጆሮ ነው፤ ወደ ሌላው ጆሮ ከዞረ ከመሣሪያው ነው። መዘውሩ ከፍ ሲል ከጠፋ ደግሞ ጥፋቱ የመዘውሩ መሆኑ ተረጋገጠ።

መሐንዲሶች ለዚህ መፍትሔ ከመሻት አልቦዘኑም። በየደረጃው በጥንቃቄ የተመረጡ ሬዚስተሮች ያሉት መቆጣጠሪያ ችግሩን ቢያቃልልም ዋጋው ውድ ነው። ተራው ሰው ግን ያለ ወጪ የሚያደርገው አለ፤ መዘውሩን እስከ አጋማሹ ከፍቶ ድምፁን በኮምፒዩተሩ ውስጥ መቀነስ። ባለ 24 ቢት መሣሪያ ላይ እያንዳንዱ 6 ዴሲቤል ቅነሳ የሚወስደው አንድ ቢት ያህል ብቻ ስለሆነ ጉዳቱ እምብዛም አይሰማም።

ከአዴር ዘመን ጀምሮ የዘፋኙን ሥፍራ ለጆሮ ለማድረስ ብዙ ተደክሟል። ያ ሥፍራ በመጨረሻዋ መዘውር ላይ እንዳይዛነፍ መጠንቀቅ የአቀናባሪውም የአድማጩም ድርሻ ነው።