የወላጅ ጭንቀትና የልጅ እንቅልፍ በመተማ

«ልጄ ማታ አልተኛ አለኝ» የሚል ወላጅ ብዙውን ጊዜ መፍትሔውን የሚፈልገው ከልጁ ዘንድ ነው። በእኔ እምነት ግን ፍለጋው መጀመር ያለበት ከራሱ ከወላጁ ነው። ይህን ስል ጥፋተኛው ወላጅ ነው ማለቴ አይደለም። በአንድ ቤት የሚያድሩ ሰዎች እንቅልፍ የተያያዘ በመሆኑ የአንዱ መጉደል የሌላውንም ያጎድላል ለማለት ነው። ጉዳዩን በመተማ ዮሐንስና በምዕራብ ጎንደር ቆላ ምሳሌነት ላስረዳ የወደድኩት፣ እዚያ ወላጅን የሚያስጨንቀውም ሆነ ልጅን እንቅልፍ የሚነሳው ነገር ጎልቶ ስለሚታይ ነው።

ልጅ ምን ያህል ይተኛ?

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ መሠረት፣ በቀንና በሌሊት ተደምሮ እስከ 3 ወር ያለ ሕፃን ከ14 እስከ 17 ሰዓት፣ ከ4 እስከ 11 ወር ያለ ከ12 እስከ 16 ሰዓት፣ የ1 እና የ2 ዓመት ልጅ ከ11 እስከ 14 ሰዓት፣ የ3 እና የ4 ዓመት ልጅ ደግሞ ከ10 እስከ 13 ሰዓት መተኛት ይኖርበታል። ከ6 እስከ 12 ዓመት ላሉት የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2016 ያስቀመጠው መጠን ከ9 እስከ 12 ሰዓት ነው። እንቅልፍ ያጣ ልጅ እንደ አዋቂ ማንቀላፋት ብቻ ሳይሆን ይነጫነጫል፣ ይቅበጠበጣል፣ ትምህርቱንም በጥሞና መከታተል ይሳነዋል። በዚህም የተነሳ «ባለጌ» እየተባለ የሚቀጣ ልጅ አለ።

ጭንቀት እንዴት ይተላለፋል?

ሰው ሲጨነቅ ሰውነቱ አድሬናሊንና ኮርቲሶል የተባሉ ሆርሞኖችን ያመነጫል። ኮርቲሶል በተለመደው ሁኔታ ጠዋት ከፍ፣ ማታ ዝቅ ይላል። ስጋት ሲበረታ ግን ማታም አልወርድ ሊል ይችላል። ልጅ የጭንቀቱን ምክንያት ባያውቅም የእናቱን ድምፅና የአባቱን ፊት አይቶ አንድ ነገር እንዳለ ይረዳል። የተጨነቀ ወላጅ ደግሞ የመኝታ ሰዓት ይዘነጋል፤ አንድ ቀን ይቆጣል፣ ሌላ ቀን ይተዋል፤ አልያም «አያ ጅቦ መጣ!» ብሎ አስፈራርቶ ሊያስተኛ ይሞክራል። የፈራ ልጅ ዓይኑን ይጨፍን እንደሆነ እንጂ አይረጋጋም። ሌሊት ባንኖ ወላጁንም ይቀሰቅሳል። በማግስቱ ሁለቱም ተነጫንጨው ይውሉና የሚቀጥለው ሌሊት ከቀደመው የባሰ ይሆናል።

የመተማ ወላጅ ምርጫ

መተማ ዮሐንስ በ1881 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ 4ኛ የቆሰሉበት የጦርነት ስፍራ፣ ከሱዳኗ ገላባት ጋር የምትዋሰን ከተማ ናት። ከባሕር ወለል በላይ 700 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ በመሆኗ በበጋው ማብቂያ ወራት የቀኑ ሙቀት 40 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድና ከዚያ በላይ ይደርሳል። እንቅልፍ እንዲመጣ ደግሞ የሰውነት የውስጥ ሙቀት በጥቂቱ መውረድ አለበት። ቀኑን ሙሉ ሲግል በዋለ ቤት ውስጥ ይህ ስለማይቀል ብዙ ሰው አልጋውን አውጥቶ ግቢ ውስጥ ያድራል።

ጭንቁ እዚህ ላይ ነው። ውጭ ነፋሻ ነው፤ ነገር ግን የወባ ትንኝ አለች። ካላዛርን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብም በመረሬ አፈር ስንጥቅና በግራር ዛፎች አካባቢ ትኖራለች፤ የምትነክሰውም በአብዛኛው ሌሊት ነው። ልጁ ውስጥ ቢተኛ በሙቀት ሲገላበጥ ያድራል፤ ውጭ ቢተኛ በሽታ ያሰጋዋል።

በዚህ ላይ የጸጥታው ጉዳይ አለ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ከጀመረ ወዲህ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በመተማ በኩል ገብተዋል። በዚያው ዓመት መጨረሻ በአማራ ክልል ግጭት ተቀሰቀሰ፤ ከጎንደር ወደ መተማ በሚወስደው መንገድም የእገታ ወሬ ተደጋግሞ ተሰማ። በ2016 ዓ.ም. በርካታ ስደተኞች በደኅንነት ስጋት የአውላላን መጠለያ ለቀው ወጥተው ከነልጆቻቸው ጫካ አድረዋል። በእንዲህ ያለ ሁኔታ ውስጥ ላለች እናት «አትጨነቂ» ማለት ምክር አይሆንም።

ታዲያ ምን ይደረግ?

በበኩሌ አልጋውን ወደ ውስጥ መልሱ አልልም፤ አጎበሩን ወደ ውጭ አውጡ እላለሁ። አልጋው ዙሪያ አራት እንጨት ተክሎ በኬሚካል የተነከረ አጎበር መወጠርና ጠርዙን ፍራሹ ሥር መወተፍ ይቻላል። አልጋው ከግራር ዛፍና ከተሰነጣጠቀ መሬት ይራቅ። አጎበሩ የማይበቃ ከሆነ ቅድሚያ ለሕፃናትና ለነፍሰ ጡሮች ይሰጥ። ከመኝታ በፊት ልጁን ለብ ባለ ውኃ ማጠብም ሰውነቱ እንዲቀዘቅዝ ይረዳል።

ቀጥሎ ሥርዓት ነው። ገላ መታጠብ፣ እራት፣ ተረት ወይም እሹሩሩ፣ ከዚያም መኝታ፤ ቅደም ተከተሉ በየቀኑ አንድ ዓይነት ይሁን። ቤተሰቡ ከቀዬው ተፈናቅሎ በሸራ ሥር ቢያድር እንኳ ይህንን ቅደም ተከተል ይዞት ሊሄድ ይችላል። የግጭትና የእገታ ወሬ ደግሞ በልጅ ጆሮ፣ በተለይ በመኝታ ሰዓት፣ አይወራ።

ሌሊት እየጮኸ ተነስቶ ሲያናግሩት የማይሰማ ልጅ ብዙውን ጊዜ ከእንቅልፉ አልነቃም። እንዳይወድቅ መጠበቅ እንጂ መወዝወዝ አያስፈልግም። ሽንቱን መቆጣጠር ከጀመረ በኋላ እንደገና አልጋ ላይ የሚሸና ልጅም የስጋት ምልክት እያሳየ ሊሆን ስለሚችል አይቀጣ፤ ከቀጠለ ለሐኪም ይታይ። ልጁ ካተኮሰው ግን ነገሩን ለጭንቀት መስጠት አደገኛ ነው። በዚያ አካባቢ ትኩሳት ያለው ልጅ ሳይውል ሳያድር የወባ ምርመራ ይደረግለት። ትኩሳቱ ከሁለት ሳምንት ካለፈ፣ ልጁ ከከሳና ሆዱ ካበጠ ካላዛር ይጠረጠራል።

የመጨረሻው ምክሬ ለወላጆችና ለአሠሪዎቻቸው ነው። ባልና ሚስት ሌሊቱን በተራ ይከፋፈሉት፤ አንዳቸው ብቻቸውን የሚያሳድጉ ከሆነ ዘመድ ወይም ጎረቤት በሳምንት አንድ ሌሊት ቢያግዛቸው ቀላል አይደለም። በመተማ ሠራተኛ የሚመድቡ መሥሪያ ቤቶችም ከበረሃ አበል ባሻገር የእረፍት ቀንና ቤተሰብን የመጠየቂያ ፈቃድ ቢያስቡ፣ ተጠቃሚው ሠራተኛው ብቻ ሳይሆን ልጁም ጭምር ነው።

ልጆቻችሁን በሰላም ያሳድርላችሁ።