ይግባኙ የማያልቅ ክርክር

የእኛ ሰው ክርክር ይወዳል። ድሮ በዛፍ ጥላ ሥር ‹‹በላ ልበልሃ!›› እያለ ይሟገት ነበር፤ መንገደኛው ሳይቀር ቆሞ ይሰማል፣ ሲያሻውም ይፈርዳል። ዛሬ ሙግቱ ካፌ ገብቷል። ከኃይሌና ከቀነኒሳ ማን ይበልጣል? ከፔሌና ከማራዶናስ? እኔ በምቀመጥበት ጠረጴዛ ሰሞኑን የተከፈተው መዝገብ ግን ሌላ ነው፦ እስከ ዛሬ ከተሠሩት የሳይንስ ልብወለድ ፊልሞች ትልቁ የቱ ነው?

ሦስት ተሟጋቾች አሉን። የባንክ ሠራተኛው ወዳጃችን ‹‹ሕዝብ የተሰለፈለት ነዋ!›› ይላል፤ ለእሱ ነገሩ በ1977 ‹ስታር ዋርስ› የወጣ ዕለት አልቋል። የፊዚክስ መምህሩ ደግሞ ‹‹ሳይንሱን ያላበላሸው ነው›› ባይ ነው። ሦስተኛዋ ጠበቃ ናት። ሁለቱን በትዕግሥት ታዳምጥና ‹‹ለመሆኑ ዳኛው ማነው?›› ብላ ክርክሩን ከሥሩ ታናጋዋለች። እኔም የእሷን ጥያቄ ይዤ ወደ ታሪኩ ልግባ። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዳኛስ ሞልቷል። በ2004 የእንግሊዙ ‹ዘ ጋርዲያን› ጋዜጣ ሳይንቲስቶችን ጠይቆ ነበር፤ ‹ብሌድ ራነር›ን አንደኛ፣ የስታንሊ ኩብሪክን ‹2001፦ ኤ ስፔስ ኦዲሲ› ሁለተኛ አሉ። በ2008 የአሜሪካ ፊልም ኢንስቲትዩት ባወጣው ዝርዝር ደግሞ አንደኛው ‹ኦዲሲ› ሆነ፤ ‹ስታር ዋርስ› ሁለተኛ፣ ‹ኢ.ቲ.› ሦስተኛ፣ የሳይንቲስቶቹ ምርጥ ‹ብሌድ ራነር› ስድስተኛ። በ2022 ‹ሳይት ኤንድ ሳውንድ› የተባለው የእንግሊዝ መጽሔት የዓለም ፊልም ሠሪዎችን ሲጠይቅ፣ ኩብሪክ ከሳይንስ ልብወለድ ብቻ ሳይሆን ከፊልም ሁሉ አንደኛ ወጣ። በዚያው ዓመት በዚያው መጽሔት ድምፅ የሰጡት ሃያስያን ግን ስድስተኛ ነው ያሉት። አንድ ተከሳሽ፣ አራት ችሎት፣ አራት ፍርድ!

ይህ ብቻ ቢሆን ‹‹ምርጫ እንደ ሰው ነው›› ብለን እናልፈው ነበር። ጉዱ ያለው የመጀመሪያውን ችሎት መዝገብ ሲገልጡት ነው። ዛሬ የምንከራከርባቸው ፊልሞች አብዛኞቹ በተወለዱበት ቀን የተረታ ባለጉዳይ ናቸውና።

‹ብሌድ ራነር›ን እንውሰድ። ጁን 25 ቀን 1982 አሜሪካ ውስጥ መታየት ሲጀምር ክፉ ጊዜ ነበር የገጠመው። ከሁለት ሳምንት በፊት የስቲቨን ስፒልበርግ ‹ኢ.ቲ.› ወጥቶ፣ አገር ምድሩ ከዚያ ዐይነ ትልቅ እንግዳ ፍጡር ጋር ፍቅር ይዞታል። ዳይሬክተሩ ሪድሊ ስኮት ይዞ የመጣው ደግሞ ዝናብ የማያባራባት፣ ጭስ የዋጣት የ2019ኟን ሎስ አንጀለስ ነው። ሰው ሠራሽ ሰዎችን እያደነ የሚገድል ፖሊስ አለ፤ ታዳኞቹ ግን ከአዳኙ ይልቅ ሕይወትን የሚናፍቁ ናቸው። ማን ይህን ሊያይ ይሰለፋል? ወደ 30 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የፈሰሰበት ፊልም በመጀመሪያው ዙር የአሜሪካ ገበያ ወጪውን እንኳ አልመለሰም። መነሻ የሆነውን ልብወለድ የጻፈው ፊሊፕ ኬ. ዲክ ሽንፈቱንም ድሉንም አላየም፤ በዚያው ዓመት ማርች ላይ አርፏል።

ፊልሙ ሳይወጣ ለሙከራ ያሳዩአቸው ተመልካቾች ‹‹አልገባንም›› ስላሉም ገንዘብ ያወጡት ሰዎች ዋናው ገጸ ባሕርይ በድምፁ እንዲተርክ፣ መጨረሻውም ደስ የሚል እንዲሆን አስደርገው ነበር። በ1990 እነዚህ ጭማሪዎች ያልገቡበት የቆየ የሥራ ኮፒ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ታየ፤ ሰው ተጋፋለት። በ1992 የዳይሬክተሩ ቅጂ የተባለው ወጣ፤ በ2007 ደግሞ ስኮት ራሱ ከዳር እስከ ዳር የተቆጣጠረው የመጨረሻው ቅጂ። የቀድሞው ፍርድ የተሻረው በይግባኝ ነው ማለት ነው፤ ያውም ከሩብ ምዕተ ዓመት በኋላ።

‹ኦዲሲ›ስ? ኤፕሪል 1968 መጀመሪያ ላይ ሲመረቅ ሰው እያቋረጠ ይወጣ ነበር። ለግማሽ ሰዓት ያህል አንድም ሰው ቃል አይተነፍስም፤ ዝንጀሮ መሰል ፍጥረቶች ይጯጯሃሉ፣ ጥቁር ጠፍጣፋ ዓለት ይቆማል፣ ከዚያ መንኮራኩሮች በቫልስ ሙዚቃ ይንሳፈፋሉ። ኩብሪክ በቀናት ውስጥ 19 ደቂቃ ቆርጦ አወጣለት። የኒውዮርክ ሃያስያን አልማሩትም፤ ዝነኛዋ ፓውሊን ኬል የፈጠራ ድርቀት ነው ያየችበት። ያነሳው ወጣቱ ነው፤ እየተመላለሰ አየው፣ ሲኒማ ቤቶቹም ለወራት አላወረዱትም። ኦስካርም ቢሆን የሰጠው ለምስል ጥበቡ ብቻ ነው፤ ኩብሪክ በሕይወት ዘመኑ ያገኘው ኦስካር ያ አንድ ሆኖ ቀረ።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን የ‹ሜትሮፖሊስ› ነገር ነው። የጀርመኑ ፍሪትዝ ላንግ ፊልም በጃንዋሪ 1927 በርሊን ላይ ተመረቀ። ሀብታሞች ሰማይ ጠቀስ ፎቅ ላይ ይዝናናሉ፣ ሠራተኞች ከምድር በታች እንደ ማሽን ጥርስ ይፈጫሉ፤ በመካከል የሰው መልክ የለበሰች ሮቦት ሕዝቡን ታሳብዳለች። በዘመኑ የሳይንስ ልብወለድ አባት የሚባለው ኤች. ጂ. ዌልስ አየውና ከዚህ የከፋ ጅል ፊልም ሊኖር አይችልም የሚል ዓይነት ጽሑፍ አወጣ። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ በ1936፣ ‹እንዲህ ነው የሚሠራው› በሚል መንፈስ ‹ቲንግስ ቱ ካም› ለተባለ ፊልም ራሱ ድርሰቱን ጻፈ። ዛሬ በዝርዝሮች ላይ የቱ እንደሚገኝ መናገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። በ2001 ዩኔስኮ በዓለም የሰነድ ቅርስነት የመዘገበው ‹ሜትሮፖሊስ›ን ነው።

ታዲያ ‹‹ጊዜ ደጉ፣ የማይፈታው የለም›› ብለን እንጽናናለን? እዚህ ላይ ቆም ማለት አለብን። ‹ሜትሮፖሊስ› ሲመረቅ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ነበር። ገበያው ሲከዳው አሜሪካኖቹ ቆረጡት፣ ጀርመኖቹም ቆረጡት፤ ከሩቡ ያላነሰ ተጣለ። ለሰማንያ ዓመት ያህል ዓለም ሲያደንቅም ሲነቅፍም የኖረው የተጎመደ ፊልም ነው። በ2008 አርጀንቲና፣ ቦነስ አይረስ ከተማ፣ በአንድ የፊልም ሙዚየም ውስጥ የተረሳ ኮፒ ተገኘ፤ ሳይቆረጥ በፊት ወደዚያ አገር ከተላከው የተቀዳ፣ የተጫጫረ፣ ዝናብ የሚዘንብበት የሚመስል። በ2010 ወደ 25 ደቂቃ የሚጠጋ ተመልሶለት እንደገና ታየ። ያኔ ነው ብዙዎች የታሪኩ መጋጠሚያ የት የት እንደነበረ ያዩት። ጥቂት ደቂቃ ግን እስከ ዛሬ የለም።

የጠበቃዋ ጥያቄ እዚህ ላይ ክብደቱን ያሳያል። ጊዜ ዳኛ ነው እንበል፤ ግን ጊዜም ያለ ማስረጃ አይፈርድም። በ1902 ‹ወደ ጨረቃ ጉዞ›ን ሠርቶ ይህን የፊልም ዘር የጀመረው ፈረንሳዊው ዦርዥ ሜሊየስ፣ ገበያ ሲያዞርበት በ1923 የፊልሞቹን ኔጋቲቮች በገዛ እጁ አቃጠለ፤ ኋላ ፓሪስ ሞንፓርናስ ባቡር ጣቢያ አሻንጉሊትና ከረሜላ ሲሸጥ ነው ያገኙት። ጠፍተው ከቀሩት ፊልሞቹ መካከል ከ‹ጨረቃ ጉዞ› የሚበልጥ ነበረ ወይስ አልነበረም? ማንም አይፈርድም፤ ባለጉዳዩ የለማ!

ወደ ባንክ ሠራተኛው እንመለስ። ‹‹የከሰረ ሁሉ ድንቅ ነው ልትለኝ ነው?›› ይለኛል፤ እውነቱን ነው። የከሰሩና መክሰርም የሚገባቸው ፊልሞች አገር ይሞላሉ። ‹ስታር ዋርስ›ም ‹ኢ.ቲ.›ም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሕዝብ የወደዳቸው ናቸው፤ ዛሬም አልወረዱም። እኔ የምለው የቲኬት ሰልፍ የሚነግረን የዚያን ሳምንት ስሜት ነው፣ ከዚያ አይዘልም።

የፊዚክስ መምህሩ ክርክርስ? እሱ ከበድ ይላል። ‹ኦዲሲ› ብዙ ነገር አስተካክሏል፤ በሕዋ ድምፅ እንደማይሰማ ከሚያስታውሱት ጥቂት ፊልሞች አንዱ ነው። ነገር ግን መጀመሪያው ላይ፣ በአፍሪካ ምድር፣ ዝንጀሮ መሰሉ ቅድመ አያታችን አጥንት አንሥቶ ጠላቱን ሲገድልና ሰው መሆንን ሲጀምር ያሳየናል። ይህ ያኔ ተራ ፈጠራ አልነበረም። የደቡብ አፍሪካው ተመራማሪ ሬይመንድ ዳርት ያቀረበው፣ ሮበርት አርድሪ የተባለ ጸሐፊ ደግሞ በ1961 መጽሐፉ ያስፋፋው ሐሳብ ነው፦ ሰውን ሰው ያደረገው ገዳይነቱ ነው የሚል።

መልሱ የመጣው በከፊል ከእኛው አፈር ነው። ፊልሙ በወጣ በስድስተኛው ዓመት፣ በ1974፣ አፋር ሐዳር ላይ ድንቅነሽ ተገኘች። 3.2 ሚሊዮን ዓመት፤ አንጎሏ ትንሽ፣ ግን በሁለት እግሯ የቆመች። ጎና ላይ የተገኙት የድንጋይ መሣሪያዎች ወደ 2.6 ሚሊዮን ዓመት ይጠጋሉ፤ ከመካከለኛው አዋሽ የተገኙ ጥንታዊ የእንስሳት አጥንቶችም በድንጋይ ሥጋ እንደተገፈፈባቸውና ለመቅኒ እንደተሰበሩ ያሳያሉ። ዳርት የገዳይ ቅድመ አያት መሣሪያ ያላቸው አጥንቶች ደግሞ በሌሎች ተመራማሪዎች እንደገና ሲታዩ፣ ብዙዎቹ የነብርና የጅብ ትራፊ ሆነው ተገኙ። ምስኪኑ ቅድመ አያታችን አዳኝ ሳይሆን ታዳኝ ነበር!

እና ‹ኦዲሲ› ይውደቅ? በዚያ ሚዛን ሁሉም ይወድቃል። ‹ኦዲሲ› ሰውን ወደ ሕዋ የሚያመላልሰው በፓን አም አየር መንገድ ነው፤ ፓን አም 2001 ሳይደርስ በ1991 ተዘጋ። የ‹ብሌድ ራነር› 2019ም መጥቶ አለፈ፤ የሚበር መኪና የለም። ትንቢቱ ሁሉ ወደቀ፤ ጥያቄዎቹ ግን ቆመዋል። ሃል የተባለው ኮምፒዩተር በለሰለሰ ድምፅ ‹እኔ አልሳሳትም› እያለ አብረውት የሚጓዙትን ሰዎች ይገድላል። በ1968 ይህ ቅዠት ነበር። ዛሬ ደብዳቤያችንን ለሚጽፍልን፣ ምክር ለሚሰጠን ማሽን ምን ያህል እንመነው ስንል የምንጠይቀው የሃልን ጥያቄ ነው።

ሩሲያዊው አንድሬ ታርኮቭስኪ የኩብሪክ ፊልም ቀዝቃዛ ሆኖበት በ1972 ‹ሶላሪስ›ን ሠራ፤ ሕዋ ድረስ ሄዶ ሰው የሚያገኘው የገዛ ጸጸቱን ነው ብሎ። የልብወለዱ ደራሲ ስታኒስላቭ ሌም ደግሞ ‹የእኔ መጽሐፍ ይህ አይደለም› ብሎ ከታርኮቭስኪ ጋር ተጣላ። ፊልሞቹ ራሳቸው ‹‹በላ ልበልሃ›› ይባባላሉ ማለት ነው።

የእኔ ድምፅ ለ‹ኦዲሲ› ነው። መልሱ ሁሉ ተሽሮበት ጥያቄው ያልተሻረ ከዚያ የሚበልጥ አላውቅም። ይግባኝ ለሚል ግን መዝገቡ ክፍት ነው።

ክፍት የሚሆነው ግን ፊልሙ በእጅ ካለ ነው፤ እኛን የሚመለከተንም ይህ ነው። በ2015 ስፔናዊው ሚጌል ያንሶ እዚህ አገር፣ በአማርኛ፣ በዳንኤል ታደሰ መሪ ተዋናይነት ‹ክረምስ›ን ሠራ። ከጥፋት በኋላ በሚኖር ዓለም የፕላስቲክ አሻንጉሊትና የሸክላ ሙዚቃ እንደ ታቦት የሚከበሩበት እንግዳ ታሪክ ነው። ስንቶቻችን አይተነዋል? በ2000ዎቹ መጀመሪያ በቪዲዮ ካሜራ የተሠሩት የአማርኛ ፊልሞችስ የመጀመሪያ ካሴታቸው ማን ቤት ነው? ‹‹ያ ደግሞ ምኑ ይቀመጣል!›› የሚል ይኖራል። በ1927 ‹ሜትሮፖሊስ›ን የቆረጡትም እንዲያ ነበር ያሉት። እኛ ዛሬ መፍረድ መብታችን ነው፤ የልጆቻችንን ይግባኝ ግን ካሴቱን በመጣል አንዝጋባቸው።